ልቤ ለፋንግ ምስሎች ሸፍቷል፤ እንጀራ ይሆኑኛል?

ፓሪስ የሥነ ጥበብ ታሪክ የምትማር የ24 ዓመት ወጣት ጽፋልናለች። ኬ ብራንሊ ሙዚየም ያየቻቸው የፋንግ ሕዝብ የቅድመ አያት ምስሎች ከዓይኗ አልጠፉ ብለዋል። የአፍሪካ ጥበብ የሚሸጥ አንድ ጋለሪ የስድስት ወር ኢንተርንሺፕ ሰጥቷታል። እናቷ ግን «የሰው አገር ጣዖት ምን ይረባሻል?» አሏት። ልግባበት ወይ ነው ጥያቄዋ።

እህቴ፣ ግቢበት። ነጋዴ ለመሆን ሳይሆን ዓይንሽን ለማሠልጠን ግቢ።

መጀመሪያ ስለ እናትሽ። በጋቦን፣ በደቡብ ካሜሩንና በኢኳቶሪያል ጊኒ የሚኖሩት ፋንጎች የታላላቆቻቸውን የራስ ቅል ከዛፍ ቅርፊት በተሠራ ሣጥን ያኖሩ ነበር። ቢዬሪ የምንለው ምስል ሣጥኑ አናት ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። የሚከበረው አጽሙ ነው። መንደር ሲቀይሩ ሣጥኑን ይዘው ይሄዳሉ። እስራኤላውያን የዮሴፍን አጽም ከግብፅ ይዘው እንደወጡ አስታውሻቸው፤ ነገሩ ይገባቸዋል።

ጋለሪው የሚሰጥሽ ትልቁ ነገር ምስሉን በእጅሽ መያዝ ነው። ሙዚየም ውስጥ መስታወት አለ። ንቱሙ የሚባሉት የሰሜኖቹ ፋንጎች ሥራዎች ቀጠን፣ ረዘም ይላሉ። ወደ ደቡብ ስትወርጂ አጠርና ደንደን ያሉ ይበዛሉ፤ ቤትሲ በሚባሉት ፋንጎች ዘንድ ራስ ብቻ ሆኖ የተቀረጸም አለ። ትልቅ ራስ፣ ረጅም ሰውነት፣ አጭር እግር፦ ይህ የሕፃን ልክ ነው። ጡንቻው ግን የጎልማሳ ነው። ሕፃንና ቅድመ አያት በአንድ አካል! እኔ ይህን ባየሁ ቁጥር እደነቃለሁ። ዘይት እየተቀቡ ስለኖሩ ዛሬም ዘይት የሚያወጡ አሉ። በዚህ ብቻ ግን አትታለይ፤ አስመስሎ የሚሠራም ዘይት መቀባት አያቅተውም።

ሙያሽን ግን ምስሎቹ የመጡበትን መንገድ በመከታተል ላይ ገንቢው። ሚሲዮናውያንና የቅኝ ገዥ አስተዳደር ሥርዓቱን ሲያሳድዱ ምስሎቹ ከሣጥናቸው ተለይተው ወደ አውሮፓ ሄዱ። የጨረታ ካታሎግ ላይ ከቀድሞ ባለቤቶች መካከል «ፖል ጊዮም (የፓሪሱ የጥበብ ነጋዴ)፣ ቀጥሎ ጃኮብ ኤፕስታይን (ቀራፂው)» የሚል ከታየ ዋጋው ይሰቀላል። ከፖል ጊዮም በፊት ያለው መስመር ብዙ ጊዜ ባዶ ነው። የማን ቤት ነበር? ማን ሰጠ፣ ማን ወሰደ? ይህን የሚመረምር ሰው ዛሬ ይፈለጋል።

በ2022 ሞንፔሊዬ ላይ አንድ የፋንግ ጭንብል 4.2 ሚሊዮን ዩሮ ተሸጠ። ባለቤቶቹ አዛውንት ባልና ሚስት ለአሮጌ ዕቃ ነጋዴ የሰጡት በ150 ዩሮ ነበር። የባልየው አያት የቅኝ ግዛት ገዥ ነበሩ። ጋቦናውያን ጨረታው አዳራሽ ውስጥ ተነስተው ተቃወሙ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በታኅሣሥ 2023 ሽያጩ ይሰረዝልን ያሉት የጥንዶቹም፣ ጭንብሉ ይመለስልኝ ያለችው የጋቦንም ጥያቄ ውድቅ ሆነ። ጭንብሉ እንዴት እንደተወሰደ የሚያሳይ ሰነድ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ከዚህ ትረጃለሽ።

ስለዚህ ጀርመንኛ ጀምሪ፤ ካሜሩን የጀርመን ቅኝ ስለነበረች ብዙ ወረቀት በዚያ ቋንቋ ነው። የምስሉን መቆሚያ ገልብጠሽ እዪ። ኪቺዞ ኢናጋኪ የተባለው ጃፓናዊ የእጅ ባለሙያ ማኅተም ካለበት፣ ምስሉ በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አሥርት ዓመታት ፓሪስ እንደነበረ ጥሩ ፍንጭ ነው። አማርኛሽንም አትናቂው። እዚያው ኬ ብራንሊ ውስጥ በ1932 ከጎንደር አባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን የተወሰዱ ሥዕሎች አሉ። የአገሩን ቋንቋ የሚያነብ መርማሪ ለእነሱም ያስፈልጋል።

ከመፈረምሽ በፊት ጋለሪውን አንድ ነገር ጠይቂ፦ የግዢ ደረሰኞችንና የቆዩ ፎቶዎችን እንዳይ ትፈቅዱልኛላችሁ? እሺ ካሉሽ ስድስቱንም ወር ተጠቀሚበት። እምቢ ካሉ ምስሎቹን ደህና አድርገሽ እይና ከዚያ ወደ ሙዚየም መዝገብ ቤት አመልክቺ።