ከማን እጅ እንደምትበሉ እወቁ

ውድ ልጆቼ፣

ለትምህርትም ሆነ ለሥራ አየርላንድ የገባችሁ ብዙዎቻችሁ የምትገዙት ከሱፐርማርኬት፣ ያውም ቅናሽ ከተለጠፈበት መደርደሪያ መሆኑን አውቃለሁ። የቤት ኪራዩ እንኳን ብቻውን ከባድ ነው። ግን ዕድሜዬን በሆቴል ኩሽና ያሳለፍኩ ነኝና አንድ ነገር ልለምናችሁ። በወር አንድ ቅዳሜ ምግባችሁን ራሱ ከሠራው ሰው ግዙ።

ከኮርክ ጀምሩ። መሐል ከተማው ላይ ያለው ኢንግሊሽ ማርኬት ከ1788 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቆመ ገበያ ነው። በቅርብ ያለችው ሚድልተን ደግሞ ቅዳሜ ጠዋት የገበሬዎች ገበያ አላት። አትቸኩሉ። መጀመሪያ ዝም ብላችሁ ዙሩ።

ቺዝ ስታዩ ሚሊንስ የሚባለውን ጠይቁ። ታሪኩን ልንገራችሁ። በ1970ዎቹ ቬሮኒካ ስቲልና ባለቤቷ ኖርማን ቤራ በሚባለው ባሕረ ገብ መሬት ላይ ይኖሩ ነበር። ብሪስኬት የምትባል ባለአንድ ቀንድ ላም ነበረቻቸው። ላሟ ስትታለብ ወተቱ ከቤተሰቡ ተረፈ። ቬሮኒካ እንዳይባክን ብላ ቺዝ መሥራት ጀመረች። ደጋግማ ሞከረች። በኋላ አንድ ሬስቶራንት ቺዟን ገዛ፣ የቺዙም ስም ናኘ። እኔን ደስ የሚለኝ ግን ሙያዋን አለመደበቋ ነው፤ ለሌሎች አስተማረች። ብዙም ሳይቆይ በዚያው በምዕራብ ኮርክ ዱረስና ጉቢን የሚባሉት ቺዞች ተከተሉ።

አሠራሩን ልብ በሉ። ወተቱ ይረጋል፣ አጓቱ ይወጣል፣ በቅርጽ ማውጫ ይደረጋል። ከዚያ ነው ትዕግሥቱ። ቺዙ እየተገላበጠ ላዩ በጨው ውሃ ይታሻል። ቀስ በቀስ ብርቱካናማ ቆዳ ያወጣል። ጠረኑ ኃይለኛ ነው፤ ግን በሳል ቅቤ የለመደ አፍንጫ ይህን አይፈራም። ስትቀምሱት ውስጡ ለስላሳ ነው፤ ወተቱ፣ ጨውነቱ፣ ትንሽም የእንጉዳይ ጣዕም ይመጣል።

ወጥ ቤት ውስጥ የምትሠሩ ልጆች ደግሞ ሜርትል አለንን እወቋት። በ1964 በምሥራቅ ኮርክ፣ ባሊማሉ የሚገኘውን የራሷን ቤት ሬስቶራንት አደረገችው። የምታበስለው ከእርሻቸውና ከአካባቢው የሚገኘውን ነበር፤ ሜኑውም የዕለቱን ምርት ተከትሎ ይለወጥ ነበር። የምግብ ባለሙያ ሁሉ እቃውን ከባሕር ማዶ በሚያማትርበት ዘመን ይህ ትልቅ ድፍረት ነው። በ1975 ለምርጥ ሬስቶራንቶች የሚሰጠውን ሚሽሊን ኮከብ አገኘች።

ገንዘብ ያጠራችሁ ጊዜ ደግሞ ሶዳ ዳቦ ጋግሩ። ዱቄት፣ ጨው፣ ቤኪንግ ሶዳና አሬራ ነው። እርሾ የለውም፣ ኩፍ እስኪል አይጠበቅም። አሬራው ከሶዳው ጋር ሲገናኝ ሊጡ ወዲያው መነፋት ይጀምራልና ብዙ አታሹት፤ ቶሎ ምድጃ ውስጥ አስገቡት። ትኩሱን ከአየርላንድ ቅቤ ጋር ብሉት።

ገበያ ላይ ሻጩን ለመጠየቅ አትፈሩ። «ትንሽ ልቅመስ?» በሉ። ነውር አይደለም፤ አብዛኞቹ ደስ ብሏቸው ይቆርሱላችኋል። ወተቱ ከየት እንደመጣ፣ ቺዙ ስንት ወር እንደቆየ ጠይቁ። አንድ ጉርሻ የሚሆን ብትገዙም በቂ ነው። ቤት ስትገቡ ከመብላታችሁ አንድ ሰዓት አስቀድማችሁ ከፍሪጅ አውጡት፤ ቀዝቃዛ ቺዝ ጣዕሙን ይደብቃል።

ዓቢይ ጾም ላይ ከሆናችሁ ለፍስኩ ኩሌ የሚባለውን ቺዝ ፈልጉ። ጠንካራ ስለሆነ በወረቀት ጠቅልላችሁ ፍሪጅ ብታስቀምጡት እንደ ለስላሶቹ ቶሎ አይበላሽም። ወደ ሕማማቱ ግድም ግዙትና ለፋሲካ ቁረሱት።