ቡናዬ ላይ ያለችው ነጭ የእሳት እራት አዲስ ዝርያ ናት?

ጥያቄ፦ በከፋ ዞን ጊምቦ ወረዳ ከሠላሳ ዓመት በላይ የያዝኩት የጫካ ቡና አለኝ። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ቅጠሉ ላይ በእሳት የተለበለበ የሚመስል ቡናማ ጠባሳ በዝቷል። ዛፉን ሳነቃንቀው ከሩዝ ፍሬ የምታንስ ነጭ የእሳት እራት ብር ብላ ትወጣለች። ዩኒቨርሲቲ የሚማረው የእህቴ ልጅ አይቷት «በዚህ ጫካ ሳይንስ ስም ያላወጣላቸው ብዙ ነፍሳት አሉ፤ ይህችም አዲስ ዝርያ ልትሆን ትችላለች» አለኝ። ፀረ ተባይ የሚሸጠው ሰው ደግሞ «አዲስ ከሆነችማ ሳትራባ ፈጥነህ ርጭ» ይላል። የማንን ልስማ?

መልስ፦ አባቴ፣ የእህትዎን ልጅ ይስሙ፤ ግን እስከ መጨረሻው አይመኑት። የሻጩን ምክር ለጊዜው ይተዉት።

ልጁ ስለ ጫካው የተናገረው እውነት ነው። ደቡብ ምዕራባችን ውስጥ ያሉ ጥቃቅን የእሳት እራቶች በቅጡ አልተጠኑም፤ ማታ ፋኖስ ላይ ከሚያንዣብቡት መካከል ስም የሌላቸው መኖራቸው አያስገርመኝም። እርስዎ የነገሩኝ ምልክት ግን ሌላ ነገር ያስጠረጥረኛል። አንድ ጠባሳ ያለበት ቅጠል ይቁረጡና ጠባሳው ላይ እጥፍ ያድርጉት። የላይኛው ስስ ቆዳ ተቀድዶ ከሥሩ ጠፍጣፋ፣ ወደ ነጭ የሚያደላ ትንሽ ትል ካገኙ፣ ያለችው ቅጠል ሰርሳሪዋ ናት። ትሉ በቅጠሉ ሁለት ቆዳዎች መካከል እየበላ ይኖራል፤ ጠባሳውም ውስጡ ባዶ የሆነ ቤቱ ነው። ሲያድግ ቆዳውን በስቶ ይወጣና ብዙ ጊዜ መሬት በወደቀ ደረቅ ቅጠል ላይ ነጭ ድር ሠርቶ ከሥሩ ሙሽሬ ይሆናል፤ ማለትም ወደ እሳት እራትነት ይለወጣል። ድሩን ልብ ብለው ካዩት የላቲኑን «ኤች» ፊደል ይመስላል። ትል ካጡና በቅጠሉ ጀርባ ብርቱካናማ ዱቄት ጣትዎ ላይ ከቀረ ግን ያ የቅጠል ዝገት ነው፤ ከእሳት እራት ጋር ምንም ግንኙነት የለውም።

ቅጠል ሰርሳሪዋ ስም አላት፤ የስሟ ታሪክ ደግሞ የእርስዎን ጥያቄ በቀጥታ ይነካል። የቡና ቅጠል የምትሰረስር ነጭ የእሳት እራት ለመጀመሪያ ጊዜ በሳይንስ የተገለጸችው እ.ኤ.አ. በ1842 ሲሆን፣ ናሙናዋም የመጣው ከካሪቢያን ደሴቶች ነበር። ሌውኮፕቴራ ኮፌላ ትባላለች፤ የመጀመሪያው ቃል በግሪክኛ «ነጭ ክንፍ» ማለት ነው። የአፍሪካ ቡና ላይ ተመሳሳይ ነጭ ክንፍ ሲታይ «ያችው ናት» እየተባለ ብዙ ዘመን አለፈ። በአፍሪካ ያሉት ሌውኮፕቴራ ካፌይና እና ሌውኮፕቴራ ሜይሪኪ ራሳቸውን የቻሉ ዝርያዎች ሆነው ስም ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1940 ነው። ገበሬው ዕለት ዕለት ሲያያቸው የኖሩ ነፍሳት በሌላ ዝርያ ስም ተመዝግበው ኖሩ ማለት ነው። በአገራችን ቡና ላይ በብዛት የምትገኘው ካፌይና ናት፤ ጥላም ትወዳለች። እንቁላሎቿን በቅጠሉ የላይኛው ገጽ፣ ከዋናው ጅማት አጠገብ፣ እርስ በርስ አነካክታ በረድፍ ትደረድራለች። ሜይሪኪ ግን እንቁላሎቿን አታነካካም፤ የምትመርጠውም ፀሐይ ያገኘ ቡና ነው።

ታዲያ ሊቃውንቱ አንዱን ነጭ ክንፍ ከሌላው እንዴት ይለያሉ? የእህትዎ ልጅ ይህን ቢያውቅ ይጠቅመዋል። ክንፏ ተዘርግቶ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ በሆነች ነፍሳት ላይ ቀለም ያታልላል። የክንፏ ቅርፊት በቀላሉ ይራገፋል፤ ያረጀችው ከወጣቷ ትለያለች። ስለዚህ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የሚመረመረው የመራቢያ አካሏ ነው። የሆዷ ክፍል ተነጥሎ ሥጋውን በሚያሟሟ ፈሳሽ ውስጥ ይቀመጣል፤ ጠንካራው ክፍል ሲቀር ተጠርጎ በመስተዋት ላይ ተለጥፎ በማይክሮስኮፕ ይታያል። የዚያ አካል ቅርጽ በየዝርያው ስለሚለያይ፣ በክንፍ መንታ የሚመስሉት እዚያ ላይ ይጋለጣሉ። ከሃያ ዓመታት ወዲህ ደግሞ 658 ፊደል ያህል ርዝመት ያለው የዘረመል ቁራጭ ተነብቦ ከታወቁት ጋር ይነጻጸራል። ይህ ሁሉ ሆኖ ልዩ ከሆነች ከናሙናዎቹ አንዷ ስም ተሸካሚ ተብላ ትመረጥና በሙዚየም ትቀመጣለች። መግለጫው በጽሑፍ ይታተማል፤ የት፣ መቼ፣ በማን እንደተያዘች ይጻፋል። ከዚያ በኋላ ስለዚያ ስም የሚነሳ ክርክር ሁሉ ወደዚያች በመርፌ ወደተሰካች ነፍሳት ይመለሳል። ናሙና ተይዞ ስም እስኪወጣለት ድረስ ብዙ ዓመት በሳጥን መቆየቱም የተለመደ ነው። አንድ ጊዜ ዓይቶ «አዲስ ናት» ማለት እንዳይቻል የሚያደርገው ይህ ድካም ነው።

አሁን ወደ ሻጩ። «አዲስ ከሆነች አደገኛ ናት» ያለው ነገሩን ገልብጦ ነው። ለሳይንስ አዲስ የሆነች የጫካ እሳት እራት አብዛኛውን ጊዜ ቁጥሯ ጥቂት የሆነና ማንንም ሳትነካ የኖረች ናት፤ ተባይ ብትሆን ኖሮ ቀደም ብሎ ስም የማግኘት ዕድሏ ሰፊ ነበር። ጉዳት ያደረሱብን ለሳይንስ አሮጌ፣ ለአገሩ ግን እንግዳ የሆኑት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2012 አገራችን የገባችው የቲማቲም ሰርሳሪ ከፔሩ በመጣ ናሙና የተገለጸችው በ1917 ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በጎረቤትዎ በሸካ ዞን የኪ ወረዳ መጀመሪያ የታየው መጤ ተምች ደግሞ ከ1797 ጀምሮ ስሙ በመጽሐፍ ሰፍሯል። በስም የቆየ ነው፤ በቆሎውን ከመብላት ግን ያገደው የለም።

መርጨትስ? እኔ አልረጭም። ትሉ በሁለት ቆዳ መካከል ስለተሸሸገ ላዩን የሚቀር መርዝ ብዙም አያገኘው። የሚያገኘው ውጭ የሚዞሩትን ነው። በቅጠል ሰርሳሪዋ ትል ላይ እንቁላል የሚጥሉ፣ ከራሷም የሚያንሱ ተርቦች አሉ፤ ጉንዳንም ይበላታል። ኬንያ ውስጥ በቡና እርሻዎች ሌላ ተባይ ለማጥፋት ብዙ ዓይነት ነፍሳትን የሚገድል ኬሚካል ሲረጭ እነዚህ ተርቦች አልቀው፣ ቀድሞ ከቁጥር የማትገባው ቅጠል ሰርሳሪ ዋና ተባይ ሆና አረፈች። በእርስዎ ዘንድ ደግሞ ንብ አለ። ከዛፍ ላይ ቀፎ የሚሰቅል ሰው በዚያው ዛፍ ሥር መርዝ ሲረጭ ማየት ያንገበግበኛል፤ ማሩ ከቡናው ያላነሰ ገቢ ነው።

ይልቅስ ይህን ያድርጉ። ጠባሳ ያለባቸውን ሃያ ቅጠሎች ይልቀሙ፤ ትሉ ገና ውስጥ ያለባቸውን እንጂ ተበስቶ ባዶ የሆነውን አይውሰዱ። ሰፊ አፍ ባለው ንጹሕ የመስተዋት ዕቃ ውስጥ ያስገቡና አፉን በነጠላ ቁራጭ ይሰሩት። ፀሐይ አያግኘው፤ ቅጠሉም እንዳይሻግት ውኃ አይጨምሩ። በሚቀጥሉት ሳምንታት ከውስጡ የሚወጣውን ያዩታል። ነጭ ክንፍ ብቻ ከሆነ ተርቦቹ ሳስተዋል፤ ጥቃቅን ጥቁር ተርቦች ከተቀላቀሉ ሥራው ያለ እርስዎ እየተሠራ ነው። ትልቁ ዛፍ ጥቂት ቅጠል ቢያጣ ይችለዋል፤ እኔን የሚያሳስበኝ ችግኝ ነው። ችግኝ ጣቢያ ካለዎት ጠባሳ የያዙትን ቅጠሎች በእጅ እየለቀሙ ያቃጥሉ። በቡናው ውስጥም የተጨናነቀውን ቅርንጫፍ ይግረዙ፤ ጥላ የሚሰጡትን ዋንዛና ብርብራ ግን አይንኩ።

ልጁ ካላመነ፣ የሚመረመር ናሙና ያዘጋጅ። ከጠርሙሱ ከወጡት አምስት ስድስት የእሳት እራቶች በክብሪት ሳጥን ውስጥ በለስላሳ ወረቀት ላይ ያድርቅ፤ አልኮል ውስጥ ከከተታት ቅርፊቷ ይራገፋል። ትሉን ግን አልኮል ውስጥ ማኖር ይቻላል፤ የፋርማሲውን እንጂ የቤቱን አረቄ አይደለም። በሳጥኑ ላይ የተያዘችበትን ቀን፣ ቀበሌውንና «ከቡና ቅጠል የወጣች» የሚለውን በእርሳስ ይጻፍ። ይህ ያልተጻፈበት ናሙና የቱንም ያህል ብርቅ ቢሆን ለማንም አይረባም። በልማት ሠራተኛው በኩል ለጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል ያድርሱት። አዲስ ሆና ከተገኘች በያዛት ሰው ወይም በተገኘችበት ቦታ መሰየም የተለመደ ነው፤ ልጁ ግን ራሱ ገልጿት በራሱ ስም ቢጠራት በሙያው ዘንድ እንደ ነውር ይቆጠርበታል፤ ጊምቦ ብትባል ይሻላል።

ጠርሙሱን በየሁለት ቀኑ ይዩ። የወጡትን ተርቦችና የእሳት እራቶች ለየብቻ ቆጥረው ቁጥሩን ይጻፉልኝ፤ ስለ ርጭት እንደገና የምንነጋገረው ያንን ካየሁ በኋላ ነው።