ሚሊያ ድንች ስትቆፍር

ልጆቼ፣ የ19ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ስላቅ ግጥም ስታነቡ፣ ከሳቃችሁ በኋላ መለስ ብላችሁ አንድ ጊዜ እዩት። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ነው ያረጀሁት። ተማሪ ከሚስቅባቸው ግጥሞች አንዱ የቶማስ ሃርዲ «የተበላሸችው ልጅ» ነው። ሃርዲ የጻፈው በ1866 እ.ኤ.አ. ነው፤ ያኔ ለንደን ውስጥ አርክቴክት ቢሮ ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። የታተመው ግን በ1901 ነው።

ሁለት የገጠር አብሮ አደጎች ከተማ ላይ ይገናኛሉ። አንዷ ሚሊያ ናት። ለብሳለች፣ ጓንት አጥልቃለች፣ አምባር አድርጋለች፣ ያጌጠችበት ላባ ያብረቀርቃል። ጓደኛዋ ዓይኗን ማመን አቅቷት ትጠይቃታለች። ሚሊያም በየአንጓው መጨረሻ መበላሸቷን እየጠቀሰች ትመልሳለች። ያኔ «ተበላሸች» የምትባለው ከጋብቻ ውጭ ገላዋን ለወንድ የሰጠች ሴት ነበረች። ክፍሉ የሚስቀው እዚህ ጋ ነው።

እኔ የምለምናችሁ ጓደኛዋ ስለ ድሮዋ ሚሊያ የምትለውን እንድታዳምጡ ነው። ጫማም ካልሲም አልነበራትም። ልብሷ ቡትቶ ነበር። ድንች ስትቆፍር፣ አረም ስትነቅል ትውላለች። እጇ የአውሬ መዳፍ ይመስል ነበር። ያኔ ግን ተበላሸች ያላት ሰው የለም። ጨዋ ልጅ ነበረቻ! ስሟ ሳይጎድፍ ገላዋ ነበር የሚያልቀው። የዚያ ዘመን ሥነ ምግባር ጓንቷን እንጂ የተሰነጠቀ እጇን አላየም።

ሌላም ነገር ልብ በሉ። አምባሩን የገዛው ሰው ግጥሙ ውስጥ የለም። ሕጉም እንዲሁ ነበር። በዚያው በ1866 ፓርላማው የአባላዘር በሽታን ለመግታት የወጣውን የተላላፊ በሽታዎች ሕግ አጠናከረ። ወታደር በሚበዛባቸው ከተሞች ፖሊስ ሴተኛ አዳሪ ናት ብሎ የጠረጠራት ሴት በግድ ትመረመር ነበር። ወታደሩን የሚነካው የለም። የሴቶች መብት ተሟጋቿ ጆሴፊን በትለርና አጋሮቿ ዓመታት ታግለው ነው ሕጉ በ1886 የተሻረው።

«ታዲያ ለምን በጨዋነት ሠርታ አትበላም ነበር?» የሚል ተማሪ አይጠፋም። ጥያቄውን አልንቀውም። መልሱ ግን ሌላው እንግሊዛዊ ገጣሚ ቶማስ ሁድ ጋ አለ። በ1843 መጨረሻ ላይ «ፓንች» በተባለው የቀልድ መጽሔት «የሸሚዙ መዝሙር» የተባለውን ግጥም አወጣ። ግጥሙ ውስጥ ያለችው ልብስ ሰፊ በጨዋነት እየሠራች ነው። ጣቷ ዝሏል፣ ዓይኗ ቀልቷል፣ ተርባለች። ሸሚዙን ስትሰፋ የራሷን መገነዣ አብራ ትሰፋለች።

ሁለቱንም ፈልጋችሁ በአንድ ቁጭታ አንብቧቸው። የሁድን አስቀድሙ።