ዳቦ የምትደብቀው ልጅና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ደሴ የምሠራ የአእምሮ ጤና ነርስ ነኝ። ተመተው፣ ተርበው ወይ ተጥለው ወደ አደራ ቤተሰብ ስለገቡ ትንንሽ ልጆች ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ጎረፈ። (አደራ ቤተሰብ የምለው ልጁን ለጊዜው ተቀብሎ የሚያሳድገውን ነው። ማደጎ ሌላ ነው፣ እሱ ፍርድ ቤት ያጸድቀዋል።)

ከሐይቅ፦ «የ3 ዓመት ልጅ ከተቀበልኩ 2 ወር ሆነኝ። ጠግባ በልታ ዳቦ ትራሷ ሥር ትደብቃለች። ትናንት የሻገተ አገኘሁ። ሌብነት ነው? ልቆጣት?»

እንዳትቆጫት! ሌብነት አይደለም፣ ስንቅ ነው። ነገ ምግብ ይኖራል ብላ አታምንም። አንዲት እናት ያደረጉትን ልንገርሽ። ማታ ማታ ትንሽ ሙዳይ ውስጥ ቁራሽ ዳቦ አድርገው ልጁ እጁ በሚደርስበት መደብ ላይ ያስቀምጡለት ጀመር፤ «ይሄ ያንተ ነው፣ ማንም አይነካብህም» እያሉ። መጀመሪያ ሌሊቱን ሙልጭ አድርጎ ይበላው ነበር። ከዚያ ግማሹ ማደር ጀመረ። በኋላ ጭራሽ ሳይነካው ያነጋል፣ ግን ሙዳዩ ካልተቀመጠ አይተኛም። እሳቸውም እስካሁን ያስቀምጡለታል።

ከኮምቦልቻ፦ «የኔዋ 1 ዓመት ከ4 ወሯ ነው። ወድቃ እንኳ አታለቅስም። ሰው ሁሉ ‹እንዴት ያለች ጨዋ› ይለኛል። ደስ ይለኛል፣ ግን…»

«ግን» ያልሽው ልክ ነው። እኔን ከሚጮኸው ልጅ ይልቅ ዝም የሚለው ያሳስበኛል። ሕፃን የሚያለቅሰው ሰው ይመጣል ብሎ ነው፤ ደጋግሞ ተጣርቶ የሚመጣ ሲያጣ መጣራቱን ይተወዋል። መጀመሪያ ጆሮዋንና ጤናዋን ጤና ጣቢያ አሳዪ። ከዚያ ባታለቅስም ስትወድቅ ሂጂ፣ አንሻት፣ «አመመሽ አይደል ማሬ?» በያት። የተገላቢጦሹም አለ፦ አቦል እስኪቀዳ ድረስ የሦስት የማታውቃቸው ሰዎች ጭን ላይ የምትቀመጥ፣ ማንም እጇን ቢይዛት ተከትላ የምትሄድ ልጅ። እኛ ወሎዬዎች ደግሞ እንግዳ ስለምንወድ «ሰው ወዳድ ናት» ብለን እናልፈዋለን። እንዲህ ያለ ልጅ ካለ ለባለሙያ ንገሩ።

ከወልዲያ፦ «ሕፃን ምን ያስታውሳል? ሲያድግ ይረሳዋል ይሉኛል።»

ታሪኩን ይረሳው ይሆናል። ሰውነቱ ግን ይዞት ይቆያል፤ በር ጓ ሲል ሲደርቅ፣ እጅ ሲነሣ ሲሸማቀቅ ታየዋለህ። ሩማንያ ውስጥ ቡካሬስት ላይ እንደ ፈረንጆቹ በ2000 የተጀመረ ጥናት አለ። በሕፃናት ማሳደጊያ ከነበሩ 136 ሕፃናት ግማሾቹ በዕጣ ወደ አደራ ቤተሰብ ገቡ፣ ሌሎቹ በነበሩበት ቀጠሉ። (ዕጣው እኔንም ከፍቶኝ ነበር። ግን ያኔ እዚያ አደራ ቤተሰብ የለም ማለት ይቀላል፤ ቤተሰቦቹን ያደራጁት ራሳቸው አጥኚዎቹ ናቸው።) ቤተሰብ ያገኙት በብዙ ነገር ተሻሉ። ከአሳዳጊያቸው ጋር ጥሩ ቁርኝት የፈጠሩት ደግሞ በተለይ 2 ዓመት ሳይሞላቸው የገቡት ናቸው። የዘገየ ልጅ አለቀለት ማለት አይደለም፣ ሥራው ይበዛል እንጂ። «ትምህርት ቤት ሲገባ እናየዋለን» የሚለው ነገር ነው እኔን የሚያናድደኝ።

ከደሴ፦ «አፉን ያልፈታ ልጅ እንዴት ይታከማል? መድኃኒት ነው? ጠበልስ?»

በዚህ ዕድሜ መነሻው መድኃኒት አይደለም። ሕክምናው በእናንተ በኩል ነው የሚያልፈው። ሜሪ ዶዚየር የምትባል አሜሪካዊት ከባልደረቦቿ ጋር ያዘጋጀችው አሠራር አለ፤ ባለሙያ ቤት ድረስ 10 ጊዜ ይመጣል፣ ዓይኑ ግን ከልጁ ይልቅ አሳዳጊው ላይ ነው። «አየሽ፣ ኳሷን ሲሰጥሽ ተቀበልሽው፣ ጎሽ» ይላታል። የሚያስተምረው ሦስት ነገር ነው፦ ልጁ ባይጠራችሁም ሲከፋው መቅረብ፣ ጨዋታውን እሱ እንዲመራ መተው፣ አለማስፈራራት። ጠበሉንም ዱዓውንም አልከለክልም። ማሰር፣ ማስራብ፣ ማስፈራራት ካለበት ግን ይቅር። ልጁ ካልበላ፣ ካልተኛ፣ ራሱን ከመታ ጤና ጣቢያ ሂዱና ወደ ሆስፒታል የአእምሮ ጤና ክፍል ሪፈር አጽፉ።

ከባቲ፦ «ሲያስቸግር በርበሬ ባጥነውስ?»

አይሆንም። በቃ።

ከመርሳ፦ «ወላጅ እናቱ ጠይቃው በሄደች ቁጥር 3 ቀን አልጋ ላይ ይሸናል። እንዳትመጣ ላድርግ?»

ብቻህን አትወስን፣ ልጁን የሰጠህን ጽሕፈት ቤት አማክር። የምትመታው ወይ የምታስፈራራው ከሆነ ዛሬውኑ ተናገር። ካልሆነ መረበሹ እንዳትመጣ አያስከለክልም። መምጣቷን ቀድመህ ንገረው፣ ስትሄድም ተደብቃ አትውጣ፣ ቻው ትበለው። አንሶላውን ምንም ሳትል ቀይር።

ከደሴ፣ ሌላ እህት፦ «ሌሊት ይጮሃል። ደከመኝ። ልመልሰው ይሆን?»

አብሽሪ እህቴ፣ መድከምሽ ክፋት አይደለም። ግን ለዚህ ልጅ ቤት መቀየር ማለት ሰው እንደገና ማጣት ነው፤ ከመወሰንሽ በፊት ለጽሕፈት ቤቱ «እርዱኝ» በያቸው። ቀን ደግሞ እሱ የለመዳትን አንዲት ጎረቤት ለምኚና ሁለት ሰዓት ተኚ። ዛሬ ሌሊት ሲጮህ ደግሞ ባልሽ ይነሣ።