ደመወዜን ያስቀረብኝን ኮንግረስ መክሰስ እችላለሁ?

ጥያቄ፦ አሜሪካ ውስጥ በአንድ አየር ማረፊያ የፌዴራል ፈታሽ ነኝ። ባለቤቴ ደግሞ የፌዴራል ሕንፃ ታጸዳለች፤ የቀጠራት ግን መንግሥት ሳይሆን ኮንትራክተር ነው። ኮንግረሱ በጀት ላይ በተጣላ ቁጥር እኔ ያለ ደመወዝ እሠራለሁ፣ እሷ ቤት ትቀመጣለች። ደመወዜ «ላም አለኝ በሰማይ» ሆኗል። እነሱ ግን ይከፈላቸዋል! መክሰስ እችላለሁ? ግብር አልከፍልም ብልስ? ከሥራ ብቀርስ?

መልስ፦ ንዴትዎ ይገባኛል፤ ያሉትም እውነት ነው። የአንድ የምክር ቤት አባል ደመወዝ በዓመት 174,000 ዶላር ነው። ገንዘቡ በቋሚ ሕግ የተመደበ ስለሆነ የዓመቱ በጀት ባይጸድቅም አይቋረጥም። የእርስዎ ግን በየዓመቱ መጽደቅ አለበት። ሕገ መንግሥቱ በሕግ ካልተመደበ በቀር ከግምጃ ቤት ገንዘብ አይወጣም ይላል። የሚገርመው፣ እስከ 1980 ድረስ (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) በጀት ቢዘገይም መሥሪያ ቤቶች በአብዛኛው ሥራቸውን ይቀጥሉ ነበር። በዚያ ዓመት ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ሕጉን አጥብቀው ተረጎሙትና ሻትዳውን የምንለው ነገር፣ ማለትም በጀት ሳይጸድቅ ሲቀር የመሥሪያ ቤቶች መዘጋት፣ መጣ።

ወደ ክሱ ስንመጣ፣ ኮንግረሱን መክሰስ አያዋጣዎትም። ግብር ከፋይ መሆን ብቻውን የፌዴራሉን ወጪ ለመሞገት እንደማያበቃ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1923 ወስኗል። አባላቱም ለሰጡት ድምፅ አይከሰሱም። መሥሪያ ቤቱንስ? እሱ ተሞክሯል። በ2013ቱ ሻትዳውን የሠሩ ሰዎች «ዝቅተኛው ክፍያ እንኳ በጊዜው አልደረሰንም» ብለው ከሰሱ። መጀመሪያ ረቱ። በ2022 ግን ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ገለበጠው፤ መሥሪያ ቤቱ እንዳይከፍል ሕግ ከልክሎት ሳለ ለምን ዘገየህ አይባልም አለ። እኔ በፍርዱ አልስማማም። ግን የኔ አለመስማማት የቤት ኪራይ አይከፍልልዎትም።

ግብሩን ይተዉት። ሻትዳውን ቢሆንም ቀነ ገደቡ አይገፋም፣ ቅጣትና ወለዱም ይቆጥራል። ደግሞስ ግብርዎ ከደመወዝዎ ላይ ቀድሞ የሚቆረጥ ነው፤ 0.00 ከሚል የክፍያ ወረቀት ላይ ምን ሊያስቀሩባቸው ነው?

ከሥራ ስለመቅረት ግን አደራ። በእውነት ከታመሙ ለአለቃዎ ያሳውቁ፣ የሐኪም ወረቀት ይያዙ። ከባልደረቦችዎ ጋር በዋትሳፕ «ነገ ሁላችንም አሞናል» ከተባባላችሁ ግን ነገሩ አድማ ነው። ለፌዴራል ሠራተኛ አድማ ወንጀል ነው። በ1981 ፕሬዚዳንት ሬገን ከ11,000 በላይ የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎችን ያባረሩት በዚሁ ነው። እዚያ ግሩፕ ውስጥ ዝም ብለው ይቀመጡ።

የእርስዎ ላም መውረዷ ግን አይቀርም። ለ35 ቀን በዘለቀው ሻትዳውን መሃል፣ በጥር 2019፣ የወጣ ሕግ አለ። የሠራም ቤት የተቀመጠም የፌዴራል ሠራተኛ ሻትዳውኑ ሲያበቃ ውዝፉ በተቻለ ፍጥነት ይከፈለው ይላል፤ መደበኛው የክፍያ ቀን እስኪደርስ አይጠበቅም። በ2025ቱ የ43 ቀን ሻትዳውን ቤት የተቀመጡት ላይ ውዝፉ ይገባቸዋል አይገባቸውም የሚል ክርክር ተነስቶ ነበር። እርስዎ ግን ሥራ ላይ ነዎት። የገቡበትንና የወጡበትን ሰዓት በራስዎ ደብተር ይጻፉ፤ ውዝፉ ሲመጣ ኦቨርታይም ተዘልሎ እንዳይቀር። የጤና መድንዎም አይቋረጥም፣ መዋጮው በኋላ ይቆረጣል።

እኔን ያሳሰበኝ የባለቤትዎ ጉዳይ ነው። የ2019ኙ ሕግ ስለ ኮንትራክተር ሠራተኛ አንድም ቃል የለውም። ድርጅቱ በራሱ ፈቃድ ካልከፈላቸው የቀሩበት ቀን ቀረ ማለት ነው። ስለዚህ ባለቤትዎ በመጀመሪያው ሳምንት አንኢምፕሎይመንት (ሥራ ላጣ ሰው የሚከፈል ገንዘብ) ያመልክቱ። «ነገ ይከፈት ይሆናል» ብለው ቀን አይቁጠሩ፤ ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። ገንዘቡ ደግሞ ምጽዋት አይደለም፣ አሠሪዎች የሚያዋጡበት መድን ነው። ውዝፍ ደመወዝ ካልመጣላቸው የሚመልሱትም የለም። እርስዎ ሙሉ ሰዓት ስለሚሠሩ በአብዛኞቹ ግዛቶች አያገኙም።

ሱፐርቫይዘሩ «ሰኞ አትምጪ» ብሎ በቴክስት ከላከ መልእክቱን እንዳያጠፉት። ሥራው የቆመው በእሳቸው ፍላጎት እንዳልሆነ ያሳያል። «በፈቃዴ ለቅቄያለሁ» የሚል ወረቀት ቢቀርብላቸው ደግሞ በፍጹም አይፈርሙ፤ ያቺ ፊርማ ጥያቄያቸውን ውድቅ ልታስደርግ ትችላለች።

ኪራዩን በሚመለከት ቀኑ ሳያልፍ ለአከራይዎ በጽሑፍ ያሳውቁ። የፌዴራሉ የሠራተኞች አስተዳደር ለአበዳሪዎች የሚላክ የደብዳቤ ናሙና አዘጋጅቷል። ስምዎንና የሚችሉትን የወር ክፍያ ሞልተው ከ0.00ው ወረቀት ጋር ይላኩት። አከራይዎ እሺ ካለ እሺታውን በጽሑፍ ይቀበሉ። በስልክ የተባለ ነገር ችሎት ፊት ብዙም አያስኬድም።