መልስ፦ ማንትሉ (ከምድር ቅርፊት ሥር ያለው ወፍራም የዓለት ንብርብር) ጠጣር ከሆነ ከእሳተ ገሞራ የሚወጣው ቅልጥ ዓለት ከየት ይመጣል?
ማንትሉ በእርግጥም ጠጣር ነው፤ ከቅርፊቱ ሥር የተንጣለለ የቅልጥ ዓለት ባሕር የለም። ዓለቱ እጅግ ቢግልም የበላዩ ጫና እንዳይቀልጥ ይዞታል። ስለዚህ ለመቅለጥ የግድ ተጨማሪ ሙቀት አያስፈልገውም። እንደ አይስላንድ ባሉ፣ ፕሌቶች (የምድር ውጫዊ ክፍል የተከፋፈለባቸው ግዙፍ የዓለት ሰሌዳዎች) በሚለያዩባቸው ቦታዎች ዓለቱ ከሥር ወደ ላይ ሲወጣ ጫናው ይቀንስለትና በከፊል ይቀልጣል።

አንዱ ፕሌት ከሌላው ሥር በሚሰምጥባቸው በጃፓንና በደቡብ አሜሪካው የአንዲስ ተራሮች ግን ሥራውን የሚሠራው ውሃ ነው። የሚሰምጠው የውቅያኖስ ወለል 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ በማዕድናቱ ውስጥ የያዘውን ውሃ ይለቃል፤ ውሃውም የማንትሉን የመቅለጫ ሙቀት ዝቅ ያደርገዋል። ብዙዎች የሚስቱት እዚህ ላይ ነው፦ በአብዛኛው የሚቀልጠው የሰመጠው ፕሌት ሳይሆን ከበላዩ ያለው ማንትል ነው። ይኸው በቅልጡ የሟሟ ውሃ ወደ ገጸ ምድር ሲቃረብ ጋዝ ሆኖ ስለሚስፋፋ የዚያ አካባቢ እሳተ ገሞራዎች በኃይል ይፈነዳሉ።