ክረምት ሲገባ የሚላቀቀው ኮላ

ጥያቄ፦ አሰላሙ አለይኩም ጋሼ፣ ኮምቦልቻ ላይ ከታናሽ ወንድሜ ጋር የመስታወት ሾው ኬዝና ጠረጴዛ እንሰራለን፣ የምንጠቀመው ዩቪ በሚባለው ዓይን በማያየው ብርሃን የሚደርቀውን የዩቪ ኮላ ነው። በጋውን ሙሉ ምንም ችግር አልነበረም፣ ቀብተን ፀሐይ ላይ እናወጣዋለን፣ ከመሸ በእጅ ባትሪ በምትመስለው የዩቪ መብራት እናበራበታለን፣ በቃ ድንጋይ ነው። ሐምሌ ከገባ ግን አምስት ሥራ ተመለሰብን፣ አንዱ ደሴ ላለ ሱቅ የሰራነው ነው፣ መደርደሪያው ሌሊት ተላቆ ወድቆ አደረ፣ አልሀምዱሊላህ ሰው አልነበረም። የሸጠልን ሰውዬ ኮላው ጤነኛ ነው እናንተ ናችሁ ይላል፣ እኛ ደሞ ኮላው ተበላሽቷል እንላለን። ማነው ልክ?

መልስ፦ ወአለይኩም ሰላም ወንድሜ፣ እንኳን ሰው ላይ አልወደቀ። ከሁሉ በፊት ከሐምሌ ወዲህ ያስረከባችኋቸውን ሥራዎች በሙሉ ደውላችሁ መደርደሪያው ላይ ዕቃ እንዳይጭኑ ንገሯቸው፣ ማን ልክ ነው የሚለው ከዛ በኋላ ይደረስበታል።

የወደቀውን መስታወት ጥላችሁት ከሆነ ከቆሻሻው አውጡት። ኮላ የነበረበትን ጠርዝ በጥፍራችሁ ጫር ጫር አርጉት። እንደ ማስቲካ ከተሸበለለ፣ ከለሰለሰ፣ ሽታም ካለው ኮላው አልደረቀም፣ ችግሩ ብርሃን ነው። ደረቅ ያለ ጥርት ያለ ሽፋን ሆኖ ከአንዱ መስታወት ጋር ሙሉ በሙሉ ከሄደና ሌላኛው ንፁህ ሆኖ ከቀረ ደርቋል ግን አልያዘም፣ እዛ ላይ ወይ ቅባት ወይ እርጥበት ነበር። ሁለቱም ጎን ላይ ኮላ ቀርቶ መሃሉ ከተቀደደ ወይም መስታወቱ ራሱ ከተላጠ ግን ኮላው ሥራውን ሰርቷል፣ ጭነቱ በዝቶበታል ወይ የተቀባው ቦታ ጠቧል። ከሻጭ ጋር ከመከራከራችሁ በፊት ይቺን ማየት አለባችሁ፣ ሁሉም ነገር የሚጀምረው ከተሰበረው ፊት ነው።

እኔ የምጠረጥረው የመጀመሪያውን ነው፣ ለምን እንደሆነ እናስላው። ይሄ ኮላ አየር ወይ ሙቀት አይደለም የሚያደርቀው፣ ውስጡ ያለ ኬሚካል ዩቪ ሲያገኝ ነው ሥራ የሚጀምረው፣ ስለዚ የሚቆጠረው ስንት ዩቪ እንደጠጣ ነው፣ የብርሃኑን ጉልበት በሰከንድ ማባዛት ነው። ኮላችሁ በካሬ ሴንቲሜትር 3,000 ሚሊጁል ይፈልጋል እንበል። በጋ ላይ ሰማዩ ጥርት ሲል ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ፀሐይ የምትሰጠው ዩቪ ኤ (ይሄን ኮላ የሚያደርቀው የዩቪ ክፍል) በካሬ ሴንቲሜትር 5 ሚሊዋት አካባቢ ነው፣ ማለትም በሰከንድ 5 ሚሊጁል፣ ስለዚ 600 ሰከንድ ማለትም 10 ደቂቃ ይበቃዋል። የክረምት ጥቁር ደመና ሲጫን ያ 5 ወደ 1 ከወረደ እዛው ኮላ 50 ደቂቃ ይፈልጋል፣ እናንተ ግን በበጋው ልማድ ሩብ ሰዓት አውጥታችሁ ዝናብ መጣ ብላችሁ አስገብታችሁት ይሆናል። ደሴ ከፍታ ላይ ስለሆነች ፀሐይዋ ይበረታል የሚሉም አሉ፣ እውነት ነው ዩቪ በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ አካባቢ ይጨምራል፣ ግን ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ደሴ 2,500 አካባቢ ስለሆኑ ልዩነቱ ትንሽ ነው፣ ደመናው ነው የሚበልጠው።

የእጅ መብራቷን ደሞ አትመኗት። ባትሪዋ ሲደክም ሐምራዊ ብርሃኗ አሁንም ስለሚታይ ትሰራለች ትላላችሁ፣ ዩቪውን ግን ዓይን አያየውም፣ ራቅ አርጋችሁ ስትይዟት ደሞ ጉልበቷ ከምታስቡት በላይ ይወድቃል። መለኪያ መሣሪያ ውድ ነው፣ ለጊዜው በሁለት ቁራጭ መስታወት ሞክሩት። መሃላቸው ጠብታ አርጋችሁ ሁልጊዜ በአንድ ርቀት እያበራችሁ በየ5 ሰከንዱ በእጃችሁ ለማንሸራተት ሞክሩ፣ እምቢ ያለበትን ሰከንድ ፃፉት፣ ሥራችሁ ላይ ቢያንስ የዛን ሦስት እጥፍ አብሩ። ይሄን ጠዋት ጠዋት ሱቅ ስትከፍቱ አርጉት፣ ሰከንዱ ከጨመረ መብራቱ ደክሟል ማለት ነው። መስታወታችሁ ባለቀለም ከሆነ ሙከራውም በዛው ባለቀለም ይሁን፣ ዩቪውን ይውጠዋል። መሃሉ ፕላስቲክ ያለው ላሚኔትድ ከሆነማ አብዛኛውን ዩቪ ስለሚያስቀረው ለሱ የሚሆን ሌላ ኮላ ጠይቁ።

የእርጥበቱም ነገር አለ። ብዙ ሱቅ መስታወት የሚወለወለው በጋዜጣ ነው፣ ለመስኮት ጥሩ ነው፣ ለኮላ ግን ቀለሙ ይቀራል፣ የመስታወት ማፅጃ ስፕሬይም የራሱን ሽፋን ይተዋል። አይሶፕሮፒል አልኮልና ፀጉር የማይለቅ ንፁህ ጨርቅ ተጠቀሙ፣ ክረምት ላይ ደሞ ከመቀባታችሁ በፊት ጠርዙን በፀጉር ማድረቂያ ለብ አርጉት፣ ዓይን የማያየው ውሃ አለ።

ጥያቄ፦ ከደሴ ነኝ፣ በዩቪ ሬዚን፣ በዩቪ መብራት በሚጠነክር ፈሳሽ ፕላስቲክ፣ የቁልፍ መያዣና የጆሮ ጌጥ እሰራለሁ፣ ውስጡ ይጠነክራል ላዩ ግን ሁሌ ይጣበቃል፣ አንድ ሰዓት ባበራበትም ያው ነው፣ ምን ላርግ?

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ፣ ሬዚንሽ አልተበላሸም። አየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን ላዩ ላይ ያለውን ስስ ክፍል እንዳይደርቅ ያግደዋል፣ ደካማ መብራት ላይ ሰዓት መጨመር ብዙም አይረዳም። ወይ ጠንከር ያለ መብራት አቅርበሽ አብሪበት፣ ወይ የመጨረሻውን ሽፋን ስትቀቢ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ፕላስቲክ አልብሰሽው አብሪና ላጪው፣ ትንሽ የቀረውን በአልኮል ጥረጊው። ደሞ በባዶ እጅሽ እንዳትነኪው አደራ፣ ያልደረቀ ሬዚን ቆዳን አንዴ ካስቆጣ አለርጂው ዕድሜ ልክ ሊቀር ይችላል፣ የናይትሪል ጓንት አርጊ።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ጥገና ላይ ነኝ። የመብራት ሽፋን ፖሊካርቦኔት ፕላስቲክ በዩቪ ኮላ እናጣብቃለን። የድሮው የሜርኩሪ ላምፕ ተቃጥሎ 365 ናኖሜትር ኤልኢዲ ከተተካ ወዲህ ኮላው አይደርቅም፣ ኤልኢዲው ግን ከድሮው ይበረታል ብለውናል። ውጭ አገር ላለው አቅራቢ አይሰራም ብለን ስንፅፍ ተጨማሪ መረጃ ላኩ ብቻ ነው መልሱ።

መልስ፦ አይሰራም የሚል ደብዳቤ ይዞ ማንም መሐንዲስ ሊረዳችሁ አይችልም፣ ግን የናንተ ነገር ከፃፋችሁት ውስጥ አለ። ናኖሜትር የብርሃን ሞገድ ርዝመት መለኪያ ነው፣ የብርሃኑን ዓይነት ይነግራችኋል። ሜርኩሪ ላምፕ ብዙ የሞገድ ርዝመት አንድ ላይ ይረጫል፣ ከ365 ሌላ 405 እና 436 አካባቢም አለው። ኤልኢዲው ያለው አንድ ብቻ ነው። ፖሊካርቦኔት ደሞ በተለይ ለፀሐይ መከላከያ የተጨመረበት 365ን ያግዳል፣ ስለዚ ድሮ ኮላውን ያደርቅላችሁ የነበረው በፕላስቲኩ የሚያልፈው 405 አካባቢ ያለው ብርሃን ነበር ማለት ነው። ላምፑ ቢበረታም ኮላው ጋ ካልደረሰ ምን ይጠቅማል።

ለአቅራቢው ስትፅፉ የኮላውን ስምና ጠርሙሱ ላይ ያለውን ባች ቁጥር፣ የፕላስቲኩን ዓይነትና ውፍረት፣ የድሮውንና የአዲሱን ላምፕ ሞገድ፣ ርቀቱን፣ ሰከንዱን፣ የተላቀቀውን ፊት በቅርበት የተነሳ ፎቶ ላኩ። ከዛ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፣ ይሄ ኮላ በ405 ናኖሜትር ይደርቃል ወይ? አዎ ካሉ ኮላውን ሳትነኩ ላምፑን ብቻ ቀይሩ፣ አይ ካሉ በ405 የሚደርቅ ኮላ ናሙና ይላኩላችሁ። እስከዛው ራሳችሁ ሞክሩት፣ ከፕላስቲካችሁ ቁራጭ ቆርጣችሁ ከኤልኢዲው ስር አንድ ጠብታ በባዶው፣ አንድ ጠብታ በፕላስቲኩ ሸፍናችሁ እኩል ሰከንድ አብሩባቸው። የዩቪ መከላከያ መነፅራችሁን አድርጋችሁ ብቻ። የተሸፈነው ውሃ ሆኖ ከቀረ ፎቶውን ለነሱም ለኔም ላኩ።